ሩዶልፍ ዲዝልና ሞተሩ

ስማቸው የሥራቸው መጠሪያ ሆኖ የቀረ ሰዎች በዓለም ታሪክ ብዙ አይደሉም። ከነዚህም ጥቂቶች መካከል አንዱ ሩዶልፍ ዲዝል ነው። «ዲዝል ሞተር» ሲባል መስማት ለሁላችንም የተለመደ ነው፤ ሾፌሩም፥ መካኒኩም፥ ነጋዴውም ቃሉን ያለ ችግር ይናገረዋል። ነገር ግን ቃሉ የአንድ ሰው ስም መሆኑን፥ ያም ሰው እናትና አባት፥ ሚስትና ልጆች የነበሩት፥ ታሞ የተኛ፥ ከስሮም ያዘነ ሰው መሆኑን የሚያስታውስ እምብዛም የለም። ስሙ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ሰውዬው ተረሳ ማለት ይቻላል። እኛም ዛሬ ስለ ሰውዬው ጥቂት ለመጻፍ አስበናል። ይልቁንም ሞተሩን ለማን ብሎ እንደ ሠራውና ሞተሩ በመጨረሻ በማን እጅ እንደ ገባ ለመመርመር እንወዳለን፤ የሕይወቱ ታሪክ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነውና። ዘመኖቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ዲዝል የተወለደው ማርች 18 ቀን 1858 በፓሪስ ከተማ ነው። ወላጆቹ ግን ከጀርመን አገር ከባቫሪያ የመጡ ነበሩ። አባቱ ቴዎዶር ዲዝል የአውግስቡርግ ከተማ ተወላጅ፥ በሙያው መጽሐፍ ጠራዥ ሲሆን፥ በፓሪስ ልዩ ልዩ የቆዳ ዕቃ እየሠራ በመሸጥ ይተዳደር ነበር። ልጁም የተሠራውን ዕቃ በእጅ ጋሪ እየገፋ ለደንበኞች ያደርስ ነበር። ከሰፈራቸው አጠገብ የጥበባትና የእጅ ሥራ ሙዚየም ስለሚገኝ፥ ሩዶልፍ ጊዜ ባገኘ ቍጥር ወደዚያ እየሄደ ኩኞ የተባለው ፈረንሳዊ በ18ኛው ምዕተ ዓመት የሠራውን የእንፋሎት ሠረገላና ሌሎችንም መኪናዎች በወረቀት ላይ ይሥል ነበር። እንግዲህ ከልጅነቱ ጀምሮ ሁለት ነገር አይቶ አድጓል፤ አንዱ በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ድካም፥ ሁለተኛው የመኪና ኀይል ነው።

በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ሲነሣ፥ በፓሪስ የሚኖሩ ጀርመኖች ከተማውን ለቀው እንዲወጡ ተገደዱ። የዲዝልም ቤተ ሰብ ቤቱንና መሥሪያውን ትቶ ወደ ሎንዶን ተሰደደ። በዚያም ኑሮ ስለ ከበዳቸው፥ ያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ የነበረውን ሩዶልፍን ብቻውን ወደ አባቱ አገር ወደ አውግስቡርግ ላኩት። እዚያ የተቀበለው ባርኒክል የሚባል ዘመዳቸው የሒሳብ አስተማሪ ነበር። በጦርነት ጊዜ የባቡሩ ጕዞ ስለ ተደናቀፈ ልጁ ከሎንዶን አውግስቡርግ ለመድረስ ስምንት ቀን ፈጀበት። ወላጆቹ ኋላ ወደ ፓሪስ ሲመለሱ እርሱ በዚያው ቀረ፤ ገና በ14 ዓመቱም መሐንዲስ መሆን እንደሚፈልግ ጽፎ አስታወቃቸው። ትምህርቱን ከጓደኞቹ ሁሉ በልጦ ፈጽሞ በ1875 በሙኒክ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት በነጻ እንዲማር ተፈቀደለት። ወላጆቹ ቶሎ ሥራ ይዞ እንዲረዳቸው ይመኙ ስለ ነበር ነገሩን አልወደዱትም። የድኻ ቤት ልጅ አስተምሮ የሚያውቅ መምህር ሁሉ ይህን ዐይነቱን ጭንቀት ያውቀዋል።

በሙኒክ ካስተማሩት ሊቃውንት ውስጥ ዋናው፥ የማቀዝቀዣ መኪና በመሥራት ስሙ የታወቀው ካርል ፎን ሊንደ ነው። ሊንደ በ1878 ስለ ሙቀት ሕግ ሲያስተምር፥ በእንፋሎት መኪና ምድጃ ውስጥ ከሚነደው የከሰል ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ከመቶ ከ6 እስከ 10 እጅ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ በከንቱ ይጠፋል ብሎ አስረዳ። ደግሞም ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ በ1824 ባሳተመው መጽሐፍ ያሰበውን ፍጹም የሙቀት መኪና ለተማሪዎቹ ገለጸላቸው። የ20 ዓመቱ ዲዝል ይህን ሲሰማ፥ የካርኖን አሳብ በሥራ ላይ ማዋል ይቻል እንደ ሆነ ለመመርመር በደብተሩ ጠርዝ ላይ አጭር ማስታወሻ ጻፈ። በደብተር ጠርዝ የሚጻፍ ማስታወሻ አብዛኛውን ጊዜ ከፈተና በኋላ ይረሳል። የእርሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለ15 ዓመት ያህል ከአሳቡ አልወጣም።

በትምህርቱ መጨረሻ ታይፎይድ ስለ ያዘው የመጨረሻው ፈተና አለፈበት። እስኪፈተንም ድረስ በስዊስ አገር በቪንተርቱር በዙልሰር ወንድማማቾች ፋብሪካ ሲሠራ ቈይቶ፥ በ1880 መጀመሪያ በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል በፓሪስ የመምህሩ የሊንደ ኩባንያ ሠራተኛና ሥራ መሪ ሆኖ የበረዶ መኪና ሲተክልና ሲሸጥ ኖረ። በ1883 ማርታ ፍላሸን አግብቶ ሦስት ልጆች ወለደ። በ1890 ወደ በርሊን ተዛወረ። ከሥራ በተረፈው ሰዓት ግን ዐዲሱን ሞተር ያሰላ ነበር።

አሳቡን ለመረዳት ብዙ ትምህርት አያሻም። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው መንፊያው ጥቂት ቈይቶ ይሞቃል፤ አየር ሲታመቅ ይግላልና። በ1876 ጀርመናዊው ኦቶ በሠራው ሞተር ውስጥ ነዳጁና አየሩ አስቀድመው ተደባልቀው ስለሚገቡ፥ ድብልቁ እጅግ የታመቀ እንደ ሆነ ጊዜው ሳይደርስ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ማመቅ የሚቻለው በመጠኑ ነው። ዲዝል ግን አየሩን ብቻውን አስገብቶ አጥብቆ ለማመቅ አሰበ። አየሩ 30 አትሞስፌር ያህል ሲታመቅ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። በዚያ ጊዜ ነዳጁ ወደ ሲሊንደሩ ሲገባ፥ ካንዴላ ሳያስፈልገው ራሱ ይቀጣጠላል። አየሩ በታመቀ መጠንም ከነዳጁ ሙቀት የሚባክነው እያነሰ፥ ወደ ሥራ የሚለወጠው እየበዛ ይሄዳል።

ይህን አሳብ በፌብሩዋሪ 1892 በበርሊን የፓተንት ጽሕፈት ቤት አስመዘገበ፤ በሚከተለው ዓመት የፈጠራው ባለ መብት ሆነ። በ1893 መጀመሪያም የእንፋሎት መኪናንና እስከዚያ የታወቁትን ሞተሮች ሁሉ የሚተካ ሞተር እንደሚሠራ የሚገልጽ መጽሐፍ አሳተመ። ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር፤ በወረቀት ካልሆነ በቀር በብረት የተሠራ ምንም ነገር ገና አልነበረውምና።

እዚህ ላይ እውነቱን መሸፈን አይገባንም። መጽሐፉ የተመሠረተበት ሒሳብ በአንድ ዋና ነገር ስቶ ነበር። ዲዝል ነዳጁ ሲቃጠል የሲሊንደሩ ሙቀት ሳይጨምር እንዲቈይ፥ ለዚህም እስከ 250 አትሞስፌር የሚደርስ ግፊት እንዲኖር አሰበ። እንዲህ ያለ ሞተር ቢሠራ ኖሮ፥ ኀይሉ የራሱን ሰበቃ ከማሸነፍ ብዙ አያልፍም ነበር። ዲዝልም ይህን ራሱ ስለ ደረሰበት፥ በዚያው በ1893 መጨረሻ ሌላ የማቃጠያ ዘዴ የሚገልጽ ሁለተኛ ፓተንት ጠየቀ። የመጀመሪያውን ስሕተት ግን በአደባባይ በግልጽ አላመነም። እንደኛ አስተያየት ከሕይወቱ ጥፋቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ተቃዋሚዎቹ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ የጠየቁት ይህንኑ ነበርና።

በጽሕፈት ጠረጴዛ የተሳሳተውን በብረት መሥሪያ አቃናው። የአውግስቡርግ የመኪና ፋብሪካ ሥራ መሪ ሃይንሪኽ ፎን ቡትስ መጀመሪያ እምቢ ካለ በኋላ፥ ዲዝል የግፊቱን መጠን ዝቅ ሲያደርግለት ሞተሩን ለመሞከር ተስማማ፤ ክሩፕም በገንዘብ ገባበት። ያ ፋብሪካ ኋላ በዓለም ሁሉ «ማን» በሚል ስም የታወቀው ነው። የመጀመሪያው የሙከራ ሞተር በ1893 ተሠራ፤ የሲሊንደሩ ስፋት 15 ሳንቲ ሜትር፥ የፒስቶኑ ጕዞ 40 ሳንቲ ሜትር ነበር። ሞተሩ በራሱ ስለማይነሣ በፋብሪካው ቺንጋ እየተዞረ፥ ኦገስት 10 ቀን 1893 ለመጀመሪያ ጊዜ ነዳጅ ተጨመረበት። ወዲያው እንደ መድፍ ጮኸ፤ የግፊት መለኪያውም ተሰብሮ ስብርባሪው በሰዎቹ ራስ አጠገብ በረረ። ግፊቱ 80 አትሞስፌር ደርሶ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ተስፋ ይቈርጥ ነበር ይሆናል፤ ዲዝል ግን ደስ አለው። ነዳጅ ያለ ክብሪትና ያለ ካንዴላ በታመቀ አየር ብቻ መቃጠሉ በዐይን ታይቷልና።

ከዚህ በኋላ ሞተሩን ለውጠው ሥራውን ቀጠሉ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1894 ሊንደር የተባለ የፋብሪካው ሠራተኛ ሞተሩን የሚያዞረውን ቺንጋ ሲመለከት፥ እስከዚያ ተወጥሮ የነበረው ወገኑ ሲላላ አየ። ነገሩ ገባው። ፋብሪካው ሞተሩን መጐተቱ ቀርቶ ሞተሩ ራሱ መጐተት ጀምሯል ማለት ነው። ሠራተኛው አንድ ቃል ሳይናገር ቆቡን ከራሱ አወለቀ። ሞተሩ ያን ቀን በራሱ ኀይል የሠራው ለአንድ ደቂቃ ያህል፥ 88 ዙር ብቻ ነበር። ዲዝል ይህን የሠራተኛውን ዝምታ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ አልዘነጋውም። እኛም በኋላ ከተሰጡት ሽልማቶች ሁሉ ይልቅ ይህች ቆብ ማውለቅ ትበልጣለች እንላለን።

አንዱ ደቂቃ ወደ ሙሉ ሥራ እስኪደርስ ሦስት ዓመት አለፈ። ትልቁ ችግር ነዳጁን ወደዚያ የታመቀ አየር ውስጥ የማስገባቱ ዘዴ ነበር፤ ነዳጁ በቀጭኑ ተበትኖ ካልገባ በደንብ አይቃጠልም። ለዚህም ከሲሊንደሩ አየር የበለጠ የታመቀ ሌላ አየር አዘጋጅተው፥ ነዳጁን በእርሱ እየነፉ ማስገባት ጀመሩ። ይህ ዘዴ ራሱን የቻለ ትልቅ የአየር ማመቂያ ስለሚጠይቅ ሞተሩን ከባድና ውድ አደረገው፤ ይህን ቈይተን እናነሣዋለን። በመጨረሻ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1897፥ ከሊንደሩ ቀን ልክ በሦስተኛው ዓመት፥ ከሙኒክ የመጣው ፕሮፌሰር ሽሬተር ሞተሩን መርምሮ ውጤቱን መዘገበ። ሞተሩ 18 ያህል የፈረስ ጉልበት ሰጠ፤ ከነዳጁ ሙቀትም ከመቶ 26 እጅ ወደ ሥራ ለወጠ። ሊንደ በትምህርት ክፍል ውስጥ የተናገረለትን የእንፋሎት መኪና አንባቢ ቢያስታውስ የልዩነቱ መጠን ይገለጽለታል።

ወዲያው የሞተሩን መብት ለመግዛት ባለጸጎች ተሽቀዳደሙ። አሜሪካዊው የቢራ ጠማቂ አዶልፈስ ቡሽ በ1897 ለአገሩ የሚሆነውን መብት በአንድ ሚሊዮን ማርክ ገዛ። በሩሲያ የነዳጅ ዘይት ባለቤት የሆነው አማኑኤል ኖቤል ተከተለው። ለገበያ ከተሠሩት ሞተሮች የመጀመሪያው በ1898 የተተከለው በኬምፕተን ከተማ በሚገኝ የክብሪት ፋብሪካ ነው፤ ክብሪት የማይሻው ሞተር ክብሪት ሲሠራ መገኘቱ ፈገግ ያሰኛል። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች በየጊዜው እየተበላሹ ገዢዎቹን አስቈጡ፤ ዲዝል ራሱ በአውግስቡርግ ያቋቋመው ፋብሪካም ከሸፈ። ሰውዬው የራስ ምታትና የመንፈስ ድካም ስለ በረታበት በ1898 መጨረሻ በሕሙማን ማረፊያ ተኝቶ ከረመ። ባለጸጋ በሆነበት ዓመት ታመመ ማለት ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ዲዝል ሞተሩን ያሰበው ለማን ነበር? በእርሱ ዘመን የእንፋሎት መኪና ትልቅ ካልሆነ በቀር አያዋጣም ነበር፤ ትልቁንም መግዛት የሚችል ባለ ብዙ ገንዘብ ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ አባቱ ያለ የእጅ ሠራተኛ ከፋብሪካው ጋር መወዳደር አቅቶት መሥሪያውን ይዘጋ ነበር። ዲዝል በ1893ቱ መጽሐፉ እንደ ገለጸው፥ ዐዲሱ ሞተር በትንሹም ተሠርቶ ቢያዋጣ፥ አናጢው፥ ሸማኔውና ብረት ሠሪው በየቤታቸውና በየመንደራቸው የራሳቸው ኀይል ይኖራቸዋል፤ ሥራም በትልልቅ ከተሞች ብቻ መከማቸቱ ይቀራል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሞተሩ በብርቱ ግፊት ስለሚሠራ ወፍራም ብረት ይጠይቃል፤ ቀደም ብለን የጠቀስነው የአየር ማመቂያም ሲጨመርበት ትንሽ አድርጎ በርካሽ መሥራት አልተቻለም። ስለዚህ የገዙት ትልልቅ ፋብሪካዎች፥ የመብራት ኀይል ማመንጫዎችና መርከበኞች ሆኑ። በ1903 በቮልጋ ወንዝ ላይ «ቫንዳል» የተባለው የኖቤል ዘይት ጫኝ መርከብ በዲዝል ሞተር ሄደ። ፈረንሳዮች ከ1904 ጀምሮ ለሰርጓጅ የጦር መርከብ አዋሉት። በ1912 የዴንማርኩ «ሴላንዲያ» እንደ ሌሎቹ መርከቦች ትልቅ የጢስ ማውጫ ሳይኖረው ከኮፐንሃገን እስከ ባንኮክ ተጓዘ።

ዲዝል ሞተሩ ያላደረገውን በብዕር ለመፈጸም ሞከረ። በ1903 «ሶሊዳሪስሙስ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። አሳቡ ሠራተኞች ጥቂት ጥቂት ሳንቲም እያዋጡ የጋራ ገንዘብ ቢያቋቁሙ፥ ቀስ በቀስ የመሥሪያ ቤታቸው ባለቤቶች ይሆናሉ የሚል ነው። መጽሐፉን የገዛው ሰው እጅግ ጥቂት ሆነ፤ ሠራተኛውም ባለ ሀብቱም አላነበቡትም። ዲዝል ግን ከሞተሩ ይልቅ ይህን መጽሐፍ ትልቁ ሥራዬ ነው ይል እንደ ነበር ልጁ ኦይገን ጽፎልናል።

ስለ እጅ ሠራተኛው የተመኘው ግን ለዘለዓለም ከንቱ ሆኖ አልቀረም፤ የዘገየ ብቻ ነው። ሞተሩን የሚያከብደው የአየር ማመቂያ የተወገደው ዲዝል ከሞተ በኋላ ነው፤ በ1920ዎቹ ዓመታት ነዳጁን በፖምፓ ብቻ የማስገባት ዘዴ ተሻሽሎ የሮበርት ቦሽ ፋብሪካ ከ1927 ጀምሮ ፖምፓውን በብዛት ሠራ። ሞተሩ ቀሎና ረክሶ ወደ መንደር የገባው ከዚያ በኋላ ነው። በኛም አገር መብራት ባልደረሰባቸው የገጠር ከተሞች ለብዙ ዓመታት የእህል ወፍጮውን ያዞረው ይኸው በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ነበር። በእጅ ወፍጮ ድንጋይ ላይ አጐንብሰው ሌሊቱን ሲፈጩ ያድሩ የነበሩ እናቶቻችን፥ እህላቸውን ተሸክመው ወደ ወፍጮ ቤት ሲሄዱ የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ይሰሙት ነበር። ዲዝል ያን ድምፅ ቢሰማ ምን ይል ነበር ብለን አንዳንድ ጊዜ እናስባለን።

ከነዳጁም ነገር አንድ የሚያስገርም አለ። በ1900 በፓሪስ በተደረገው ታላቅ የዓለም ትርኢት ላይ አንድ ትንሽ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታየ። ሞተሩ ሳይለወጥ እንደ ተለመደው ስለ ሠራ፥ የሚያቃጥለው የለውዝ ዘይት መሆኑን ያወቁት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዲዝል ራሱ ኋላ እንደ ጻፈው፥ ሙከራውን የፈለገው የፈረንሳይ መንግሥት ነው፤ በአፍሪካ በያዛቸው አገሮች ለውዝ በብዛት ይበቅል ስለ ነበር፥ ከሰልና ነዳጅ ከሩቅ ሳይመጣ በዚያው በአገሩ ዘይት ሞተር ለማንቀሳቀስ ታስቦ ነበር። ዲዝል በ1912 ስለዚህ ነገር ሲናገር፥ የአትክልት ዘይት ያን ጊዜ ዋጋ ያለው ባይመስልም ወደ ፊት እንደ ነዳጅ ዘይትና እንደ ከሰል ሊቈጠር እንደሚችል አመልክቷል። ብዙ መንግሥታት ከእህልና ከቅባት እህል ነዳጅ ለመሥራት መድከም የጀመሩት ከዚያ እጅግ ዘግይተው ነው።

ገንዘቡስ ምን ሆነ? በሙኒክ ከተማ እጅግ ያማረ ቤት ሠርቶ ከ1901 ጀምሮ ተቀመጠበት። ዋጋው ይወደዳል ብሎ መሬት ገዛ፤ በማያውቀው ንግድም ገባ። የሙቀትን ብክነት በቍጥር ለይቶ የሚያውቀው ሰው የራሱን ገንዘብ ብክነት መቈጣጠር አልቻለም። ጠበቆችና ክርክሮችም ብዙ ወሰዱበት፤ አሳቡ የእኔ ነው የሚሉ ተነሥተው ነበርና። በእውነቱ እንግሊዛዊው አክሮይድ ስቱዋርት ከዲዝል ቀደም ብሎ በ1890 ካንዴላ የሌለው ሞተር አስመዝግቧል፤ ነገር ግን የእርሱ ሞተር የአየሩ እመቃ ዝቅተኛ ስለ ሆነ፥ ከመነሣቱ በፊት በውጭ እሳት መጋል ያስፈልገው ነበር። ለእያንዳንዱ ተገቢውን ክብር መስጠት ይሻላል። በኖቬምበር 1912 ዲዝል በበርሊን በመርከብ ሠሪዎች ማኅበር ፊት የሞተሩን አፈጣጠር ሲናገር፥ ሞተሩ ከመጀመሪያው ፓተንት ጋር አይመሳሰልም የሚሉ መምህራን ተነሥተው ተከራከሩት። በ1913 ደግሞ ሉደርስ የተባለ ፕሮፌሰር ሥራውን ተረት ነው የሚል መጽሐፍ በላዩ አወጣ።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ማታ ዲዝል በቤልጅግ አገር ከአንትወርፐን ወደብ «ድሬዝደን» በምትባል መርከብ ተሳፍሮ ወደ እንግሊዝ አገር ለኩባንያ ሥራ ጕዞ ጀመረ። ከሁለት ወዳጆቹ ጋር እራት በልቶ፥ በመርከቡ ላይ ጥቂት ተመላልሶ፥ ከሌሊቱ በአራት ሰዓት ገደማ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ እንዲቀሰቅሱትም አዝዞ ነበር። ጧት ክፍሉ ባዶ ሆኖ ተገኘ። አልጋው አልተተኛበትም፤ የሌሊት ልብሱ ተዘርግቷል፤ ሰዓቱም ከአልጋው ሲታይ በሚችልበት ቦታ ተቀምጧል። ባርኔጣውና ካፖርቱ ከመርከቡ ወደ ኋላ በኩል ካለው መከላከያ ብረት ሥር ተጣጥፈው ተገኙ። በማስታወሻ ደብተሩም ውስጥ በዚያ ቀን ሥር የመስቀል ምልክት ተሥሎ ነበር።

ጋዜጦች ልዩ ልዩ ነገር ጻፉ። የአንዳንድ መንግሥት ሰላዮች፥ የሰርጓጅ መርከብ ምስጢር እንዳይወጣ ገደሉት ያሉ አሉ፤ የነዳጅ ነጋዴዎችንም የጠረጠሩ አሉ። ለነዚህ ወሬዎች ማስረጃ አልተገኘም። ይልቅስ ከመሄዱ በፊት፥ እስከሚቀጥለው ሳምንት አትክፈቺው ብሎ ለሚስቱ የተወው ሻንጣ ሲከፈት፥ በውስጡ 20,000 ማርክና በባንክ ያለው ገንዘብ እንዳለቀ የሚያሳዩ ወረቀቶች ተገኙ። እኛም ብዙዎቹ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት በገዛ እጁ ሞተ ወደሚለው እናዘነብላለን፤ የሞተውም በ55 ዓመቱ ነው።

ኦክቶበር 10 ቀን አንዲት የሆላንድ ጀልባ በባሕር ላይ ሬሳ አገኘች። መርከበኞቹ በኪሱ የነበሩትን ዕቃዎች አውጥተው ሬሳውን ወደ ባሕር መለሱት። ከሦስት ቀን በኋላ ልጁ ኦይገን በሆላንድ በፍሊሲንገን ወደብ ቀርቦ የኪስ ቦርሳውን፥ ሰንጢውንና የመነጽሩን ማኅደር ሲያይ፥ የአባቴ ናቸው አለ። ያን ጊዜ 24 ዓመቱ ነበር። ኦይገን ኋላ ደራሲ ሆነና በ1937 የአባቱን የሕይወት ታሪክ አሳተመ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1936 መርሴዲስ ቤንዝ በዲዝል ሞተር የምትሄድ የቤት አውቶሞቢል ለገበያ አውጥቶ ነበር። በ1897 ሽሬተር የመረመረው ሞተር በሙኒክ በጀርመን ሙዚየም ይገኛል፤ ቁመቱ ከሰው በላይ ነው፥ ሲሊንደሩ ግን አንድ ብቻ ነው።